አደራ፣ ብድሩን እንዳትመልሺ

በአገራችን ሴት ልጅ የምትመሰገነው ባደረገችው ነገር አይደለም፤ ባላደረገችው ነው። አትናገርም፣ አትዞርም፣ ሰው አታማም፣ ከጎረቤት ደጅ አትቆምም ይባልላታል። እኔም ሽማግሌ ሲላክብኝ የቀረበልኝ ሙገሳ በሙሉ የማላደርገው ነገር ነበር። የዛሬዋ አማቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ዘውዴ የሚላቸው፣ እኔ ግን እማማ የምላቸው፣ ሙገሳውን አዳምጠው ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ አሉ። «ዕዳስ?»

የለባትም ተባሉ። ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጣ ቤት የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ምን ዕዳ ይኖርባታል? እሳቸው ግን ደስ አላቸው። «ዕዳ የሌለባት ልጅ ወርቅ ናት» ብለው መረቁ። እኔም ይህን ምርቃት እንደ ዲግሪ ይዤ ትዳር ገባሁ። ዲግሪዬን የማይቀበል መሥሪያ ቤት እዚሁ መቱ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው።

ነገሩን ያመጣው የስፌት መኪና ነው። ጋሼ ሙክታር መናኸሪያው አጠገብ ካለ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጄ ጡት ከጣለች ወዲህ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ጎናቸው ቁጭ ብዬ ቁልፍ እተክልላቸው፣ ጫፍ እቀመቅምላቸው ነበር። ሲደክማቸው መኪናዋ ላይ ያስቀምጡኛል። እግሬ መርገጫው ላይ ሲያርፍ ዝምታዬ አያሳፍረኝም፤ እኔ ባልናገር መኪናዋ ትናገርልኛለቻ! ታዲያ በሐምሌ አንድ ዝናባም ቀን፣ ዓይናቸው ክር ማስገባት እንደከለከላቸው፣ ጅማ ያለችው ልጃቸውም «ኑልኝ» እያለች እንደሆነ ነገሩኝ። «መኪናዋን አንዲት የጎሬ ሴትዮ ፈልጋታለች፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገንዘቧን ይዛ ትመጣለች» አሉ። «እኔ ግን እጅሽን አይቼዋለሁ። እሷ ሳትመጣ ካገኘሽ ያንቺ ናት። ካላገኘሽ ግን ልጄ፣ እኔም መኪናዋን ተሸክሜ ጅማ አልገባም።»

አስቡት እንግዲህ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። የመቱ እናት ሁሉ የዩኒፎርም ጨርቅ ታቅፋ ሰፊ ፍለጋ ልትወጣ ነው። ያቺ መኪና ቤቴ ከገባች ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ እሠራለሁ፤ የጎሬን ዳገት ከወጣች ግን እኔ ጋሼ ሙክታር በሌሉበት በረንዳ ላይ መርፌዬን ይዤ የምቀር ቁልፍ ተካይ ነኝ። እሱም የሚተከልለት ሰው ከተገኘ።

ባልሽስ? ትሉኛላችሁ። ደረጀ የቡና መኪና ይነዳል። ክረምት ላይ ቡናውም መንገዱም ይተኛሉ፤ ከእነሱ ጋር ኪሱም ይተኛል። እቁብስ? ትላላችሁ ደግሞ። እቁብማ ገብቻለሁ። የሰፈሩ የሴቶች እቁብ ዳኛም ከእማማ ሌላ ሰው አይደሉም። ገንዘቡ በየሳምንቱ በስልካቸው ሒሳብ ይገባል፣ በስልካቸው ሒሳብ ይወጣል፤ ሳንቲም ጎድሎ አያውቅም። ታዲያ ዳኛዋ አማትሽ ከሆኑ ምን ቸገረሽ? አትበሉ። ችግሩ እሱ ነው። ዕጣ ያስቀድሙልኝ ዘንድ ብጠይቃቸው፣ «ዘውዴ ለምራቷ አዳላች ከምባል ምራቴ ራቁቷን ትሂድ» አሉኝ። እኔ ደግሞ የጠየቅሁት ልብስ የሚሰፋ መኪና ነበር።

ስለዚህ ባንክ ሄድኩ።

ባንክ ቤት የተቀበለኝ ገመቹ የሚባል ከረባት ያሰረ ወጣት ነው። ሰው አክባሪ ነው፤ ብቻ ከመስተዋት ጀርባ ሲያወራ ስለኖረ ከመስተዋት ውጪም ይጮሃል። ጉዳዬን ሰማኝ፣ ስሜን ጠየቀኝ፣ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና፣ ሐኪም ክፉ ውጤት ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

«እህቴ፣ የብድር ታሪክ የለሽም» አለኝ።

እፎይ አልኩ። ምስጋና መሰለኝ። «ክብር ለሱ ይሁን፣ ኖሮኝም አያውቅ» አልኩት።

«ችግሩ እኮ እሱ ነው» አለኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። ሲስተሙ አያውቀኝም። ሲስተም የሚባለውን ሰውዬ እስከ ዛሬ በአካል አላየሁትም፤ ነገር ግን ባንክ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይፈራዋል፤ እሱ ከሌለ ሥራ የለም፤ እሱ እንቢ ካለ ሥራ አስኪያጁም እንቢ ነው። እሱ ደግሞ ሰውን የሚያውቀው ሲበደርና ሲመልስ ብቻ ነው። ጾም ብትጾሚ፣ ሐዘን ብትደርሺ፣ የጎረቤት ልጅ ብታጠቢ አያይልሽም። እኔም ጨነቀኝና፣ ከሰው ሁሉ ስበደር ኖሬ ቢሆንስ ኖሮ፣ ብዬ ጠየቅሁት። «ቢያንስ እናውቅሽ ነበር» አለኝ፣ ሳቅ እያለ። ጉድ እኮ ነው! አባቴ ጨዋ እንድባል እንጂ ባንክ ቤት እንድታወቅ አላሳደገኝም።

ገመቹ ግን መውጫ አበጀልኝ። በስልክ የሚሰጥ ትንሽ ብድር አለ። እሱን ወስደሽ፣ ይዘሽ ቆይተሽ፣ ልክ በቀኑ ትመልሻለሽ። ያኔ ሲስተሙ «ይቺ ሰው ታማኝ ናት» ይላል። ቀጥሎ ለመኪናዋ የሚበቃው ይፈቀድልሻል፤ ቀኑም የጎሬዋ ሴትዮ ከመምጣቷ በፊት ይደርሳል። ቀላል ነገር ነው አለኝ። ለሱማ ቀላል ነው! ዕዳ ይዞ እራት መብላት ለለመደ ሰው።

በዚያው ዕለት ስልኬን ነካ ነካ አደረግሁና ተበደርኩ። እመኑኝ፣ ስልኬ ከበደኝ። ጡቴ ሥር ሸጉጬው ወጥ ልሠራ ቁጭ አልኩ። ሽንኩርቱን ከተፍኩ፤ ዕዳ አለብኝ። ዘይቱን ጨመርኩ፤ ዕዳ አለብኝ። በር ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ሊጠይቀኝ የመጣ እየመሰለኝ ማማሰያዬን አስቀምጣለሁ። እማማ ከውጭ ገብተው «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው?» ሲሉኝ አልቻልኩም። ወደ ጓዳ ገባሁና ሽንኩርቱ ሳይቀላ ብድሩን ከነወለዱ መለስኩ። ወጡም ጣፈጠ።

በማግሥቱ ኩራት እየተሰማኝ ባንክ ሄድኩ። በሰዓቱ መመለስ ከሆነ የሚፈለገው፣ እኔን የሚቀድመኝ ማን ነው? ገመቹ ኮምፒውተሩን አየና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ለካ ሲስተሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው የመለስኩት! ገብታ ወጣች እንጂ ተበደረች አልተባለም። «ትንሽ ይዘሽው ቆዪ እንጂ» ብሎ ለመነኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ ባለዕዳ ሁኚ!»

ሁለተኛውን ስወስድ ብልሃት ፈጠርኩ። ተመልሶ እንዳይሄድብኝ ክርና ቁልፍ ገዛሁበት። አሁን ብፈልግም አልመልሰውም፤ ቁልፍ ደግሞ ባንክ አይቀበልም። የምከፍለውን ከቁልፍ ተከላው እያጠራቀምኩ ቀኔን መጠበቅ ጀመርኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ዝም አልኩ፣ ማንም አላወቀ፣ ነገሩም ሊሳካ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ባልወጣ ኖሮ።

ከእትዬ ጫልቱ ጎመን እየገዛሁ ነው። እትዬ ጫልቱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጎመን ይሸጣሉ፣ ወሬ ግን በነፃ ነው የሚሰጡት። እኔ ጎንበስ ብዬ ቅጠል ስመርጥ፣ ከአቮካዶ ተራ ማዶ፣ ያ የመስተዋት ድምፅ ገበያውን ሰነጠቀው።

«ኦቦሌቲ! እህቴ! አደራ፣ ብድሩን እንዳትመልሺ!»

ቀና ብል ገመቹ ነው፤ ከረባቱን አውልቆ ቦቲ ጫማ አድርጓል። እጄን አወዛወዝኩለት፤ ዝም በል ማለቴ ነው። እሱ ሰላምታ መሰለው። «ቀኑ ሳይደርስ አንድ ሳንቲም እንዳትከፍዪ! ሰው ቢለምንሽም እንዳትከፍዪ!» አለና አቮካዶውን ይዞ ደስ ብሎት ሄደ።

የእትዬ ጫልቱ እጅ ጎመኑ ላይ ቀረ። «ማል ታኤ?» አሉኝ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው። ምንም አልኳቸው። ዝምተኛ ሴት ምንም ስትል ሰው ያላሰበውንም እንደሚያስብ የገባኝ ያኔ ነው። እትዬ ጫልቱ ማሰብ ጀመሩ፤ እኔም እያየኋቸው ያስባሉ። አበዳሪ መልሺ ካለ ጤነኛ ነው። አትመልሺ ካለ ግን የሚፈልገው ገንዘቡን አይደለም። ታዲያ ምኑን ነው? ቤቱን ነዋ! የጎመኑን ሒሳብ አልቀበል አሉኝ። እንዲያውም አንድ እስር ጨመሩልኝ። ያ የጎመን ጭማሪ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል፤ እትዬ ጫልቱ ለሙሽራም አይጨምሩ።

እኔ ጭቃውን እየዘለልኩ ቤቴ እስክደርስ ወሬው ባጃጅ ተሳፍሮ ቀድሞኛል። እማማ ደፍ ላይ ተቀምጠው አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል። «አበስኩ ገበርኩ!» አሉ ሲያዩኝ። «እኛ ከወሎ መጥተን እዚህ ስንሰፍር ባዶ እጃችንን ነበርን። ባዶ እጃችን ላይ ግን ዕዳ አልነበረም።» ላስረዳቸው አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ።

በሰፈራችን ሰው ሲቸገር «ምን ልርዳሽ?» ብሎ ነገር የለም። መጠየቅ ማሳፈር ነው። ይዞ መግባት፣ የያዙትን በር ሥር ማስቀመጥ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ነው። እናም ሴቶቹ እየገቡ ስለ ዝናቡ አወሩ። በር ሥር ጎመኑ፣ ሙዙ፣ ጎደሬው፣ የበቆሎ እሸቱ ተከመረ። አንዷ ዶሮም አምጥታለች፤ ፍልሰታ ስለሆነ ዶሮዋም እንደ ብድሬ ቀኗ እስኪደርስ ከጠረጴዛው እግር ላይ ታሰረች። ልጄ ሙዝ በሁለት እጇ ይዛ፣ ዕዳ እንዲህ ከሆነ ዘላለም ይኑርብን የምትል ትመስላለች። ስለ ብድሩ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ዝናቡ በረታ፤ አዎ በረታ፤ ዘንድሮስ ክፉኛ በረታ። ከዚያ ወደ እኔ አየት አድርገው ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

መናገር አለብኝ አልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ተነሣሁ። ችግር እንዳልገጠመን፣ የተበደርኩት ወድጄ እንደሆነ፣ ገንዘቡን ፈልጌ ሳይሆን ሲስተም እንዲያውቀኝ እንደሆነ፣ አለመመለሴም ለታማኝነቴ እንደሆነ፣ ሁሉን በዝርዝር አስረዳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ንግግር አድርጌ አላውቅም። ስጨርስ ሴቶቹ ተያዩ።

«ዝምተኛዋ ይህን ሁሉ ተናገረች?» አለች ዶሮ ያመጣችው። «ነገሩ ካሰብነው በላይ ነው!»

«አትፍረጂባት፣ ድንጋጤ ነው» አሉ እትዬ ጫልቱ፣ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። ከዚያ መጥተው አቀፉኝ። «ጀባዱ ልጄ፣ ጀባዱ። አይዞሽ፣ በርቺ!»

ሲወጡ አንድ በአንድ የእማማን እጅ ጨበጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? የእማማ መዳፍ በየጭብጡ በተጣጠፈ ብር እየወፈረ ሲሄድ እያየሁ፣ ምን ሊሆን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። ትምህርት ያቋረጥኩት ለካ በከንቱ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ሳለሁ ቀና ብል እማማ የሉም። የክት ነጠላቸውም የለም። ወዴት እንደሄዱ ገባኝ። ልጄን አዘልኩና ወደ ባንክ ሮጥኩ። መንገዱ የመቱ የነሐሴ መንገድ ነው፤ አንዱ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ቀረ፤ አልተመለስኩለትም። በአንድ እግሬ ጫማ፣ በሌላው ቀይ ጭቃ አድርጌ ስደርስ እማማ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ገመቹ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል።

«ከፈልኩ!» አሉኝ እማማ፣ እንዳገባሁበት ቀን ፊታቸው በርቶ። «እስከነወለዱ ከፈልኩ። የልጄን ሚስት ስም ከዚህ ቤት ፋቁልኝ አልኳቸው።»

«እማማ፣ ስሟ ገና ሊጻፍ እኮ ነበር!» አለ ገመቹ፣ ጣቶቹ መካከል።

ቁጭ አልኩ። ወንበር ስላልነበረ መሬት ላይ። በቃ፣ ሌላ ብድር ወስጄ ቀን የምጠብቅበት ጊዜ የለም፤ መኪናዋ ጎሬ ገባች። ያን ጊዜ ያለቀስኩት በዝምታ ነው፤ እማማ ግን የእኔን ዝምታ ማንበብ ያውቃሉ። መጀመሪያ ኮሩ፣ ቀጥሎ ግራ ተጋቡ፣ ከዚያ «ምን አደረግሁ?» ብለው ገመቹን ጠየቁት። ገመቹ ነገራቸው። ስለ መኪናዋ፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ጎሬዋ ሴትዮ፣ ስለ ሲስተም። እማማ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ዘረጉ፣ መልሰው አጣፉ።

ገመቹ አዘነላቸው መሰለኝ፣ እስቲ የርስዎን ሒሳብ ልይ ብሎ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አደረገ። ሌላ ክፉ ውጤት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ከፈለጉ እኮ ለመኪናዋ የሚበቃው አሁኑኑ ይፈቀድልዎታል» አለ።

«እኔን? ባለዕዳ ልታደርገኝ?» ብለው ሊቆጡ ጀመሩ። ገመቹ ቶሎ አለና፣ የእቁቡ ገንዘብ በእጅዎ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን አልጎደለም፣ አንድ ቀን አልዘገየም፤ ሲስተሙ ያምንዎታል አላቸው።

እማማ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሲያየኝ ነበር በለኛ?» አሉ።

«አዎ።»

«ጎድዬ አላገኘኝም?»

«አላገኘዎትም።»

እማማ ዞር ብለው ወረፋ የያዘውን ሰው ገረመሙ። «ደግመህ በለው። ሰዉ አልሰማም» አሉት። ገመቹ ደገመው፤ ለመጮህ እንኳ ማንም አይስተካከለው። ሰዉ ሰማ። ከዚያ እማማ ጭቃዬንና ልጄን አዝዬ ወደ ተቀመጥኩበት እያዩ፣ ስለሷስ ምን ይላል ብለው ጠየቁ። ስለሷ ምንም አያውቅም ተባሉ።

«ምንም?» አሉ። ይኼኔ እውነተኛው ቁጣ መጣ። «ምራቴን አያውቃትም? ታምሜ አልጋ ላይ ስውል ያገላበጠችኝን? ጎመን ቆጥራ የምትገዛውን? አሁን ይኼ ዓይን አለኝ ይላል? በል ጻፈው፤ በኔ ስም ጻፈው፣ እሷ ትሥራበት። እሱ ባያውቃት እኔ አውቃታለሁ!»

እንዲህ ሆኖ መኪናዋ በባጃጅ ተጭና ቤታችን ገባች። ጋሼ ሙክታር ራሳቸው መጥተው ቀበቶዋን አጠበቁልኝና «እጅሽ አይዛል» ብለው መረቁኝ። የጎሬዋ ሴትዮ የደረሰችው በማግሥቱ ነው፤ ባዶውን በረንዳ አይታ መንገዱን ረግማ ተመለሰች አሉ። እኔ ደግሞ መስከረም ሙሉ ዩኒፎርም ስሰፋ ሰነበትኩ። በየሳምንቱ ከሰፋሁት ለእማማ እሰጣለሁ፤ እማማ ለሲስተም ይሰጣሉ።

የእማማ ነገር ግን ተለወጠ። መጀመሪያ ላይ በየማለዳው «ቀኑ ደረሰ?» ይሉኝ ነበር፤ ቀድመው ሊከፍሉ እንዳይሄዱ ነጠላቸውን እደብቅ ነበር። ቆይተው ግን «ሲያልቅ ሌላ ይሰጡኝ ይሆን?» ማለት ጀመሩ። ወሬው ሲሰማ እነ እትዬ ጫልቱ እንደ ልማዳቸው ጎመንና ሙዝ ይዘው መጥተው ስለ ዝናቡ ማውራት ሲጀምሩ፣ እማማ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። «ዝናቡ አልፏል» አሉ። «ደግሞ እኔ የተበደርኩት ተቸግሬ አይደለም። ታምኜ ነው።» እትዬ ጫልቱ ትንሽ አሰቡና፣ ያ ልጅ ባንክ ቤት ስንት ሰዓት ነው የሚገባው ብለው ጠየቁ። ጎመኑን ግን አልመለስንም።

ባለፈው እሑድ የእማማ እህት ከዳሪሙ ሊጠይቋቸው መጡ። እማማ ስለ እቁቡ፣ ወረፋው ሁሉ ስለሰማው ነገር፣ ስለሚያምናቸው ሰውዬ ሲያጫውቷቸው እኔ ማዶ ተቀምጬ እሰፋለሁ። እህታቸው ወደ እኔ እያዩ፣ ይቺ ምራትሽስ እንዴት ናት ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። እማማም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ግን በዚያች ቅጽበት የመኪናዬ ክር ተበጥሶ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበርና ሁሉንም ሰማሁት።

«ወርቅ ልጅ ናት» አሉ። «አትናገር፣ አትዞር፣ እጇ ሥራ አይፈታ።» ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ምን ያደርጋል፣ ዕዳ የለባትም!»